ሞተር የሌላቸው ተሳቢዎችም ሰርቪስ ያስፈልጋቸዋል

የመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪ ሰርቪስ የሚደረግለት የኪሎ ሜትር ቆጣሪው እየታየ ነው። የውኃ ታንከር፣ ጄኔሬተርና ዕቃ የሚጫንባቸው ቀላል ተሳቢዎች ግን ሞተርም ቆጣሪም ስለሌላቸው ከጥገና መርሐ ግብር በቀላሉ ይዘለላሉ። ሆኖም የሚሸከሙት ክብደት የሚያርፈው በጎማቸው እምብርት ውስጥ በሚገኙት ኩሽኔታዎች ላይ ነው።

በእነዚህ ተሳቢዎች እያንዳንዱ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኩሽኔታዎች ሲኖሩት፣ ሮለሮቻቸውን ከፍትጊያ የሚጠብቀው ግራሶ ነው። ግራሶው ሲያረጅ ወይም ውኃ ሲገባበት ኩሽኔታው ይግላል፣ ይሰባበራል፤ ጎማውም በጉዞ ላይ እስከመነቀል ሊደርስ ይችላል። የተነቀለ ጎማ ደግሞ ተሳቢውን ብቻ ሳይሆን እግረኛውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

"ብዙ አልተጓዘም" የሚለው ምክንያት አያዋጣም። ለወራት በግቢ በቆመ ተሳቢ ውስጥ እርጥበት ከገባ ኩሽኔታው ሳይሽከረከር ይዝጋል። በሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ ተሳቢዎችን አክስል የሚሠሩ ኩባንያዎች በየ12 ወሩ ወይም በየ19 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ ግራሶው እንዲታደስ ይመክራሉ። ወንዝ ለሚሻገር ተሳቢ ጊዜው ከዚህም ያጥራል። የጋለው እምብርት ውኃ ውስጥ ሲገባ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ተኮማትሮ ውኃ ይስባል።

ለምርመራ ሌላኛው ጎማ በታኮ ተይዞ ተሳቢው ይነሳል፤ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማረፍ አለበት። ጎማው ሲሽከረከር ከጮኸ፣ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅም ከተንቀጫቀጨ ይፈታል። ኩሽኔታው በሚገባ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዝገት፣ ጉድጓድ ወይም በሙቀት የመጣ ሰማያዊ ቀለም ከታየበት ይለወጣል።

በግዥ ወቅት የሚፈጸመው የተለመደ ስህተት ኩሽኔታውን ብቻ ገዝቶ አሮጌውን የውጭ ቀለበት መተው ነው። ሁለቱ አብረው ካልተለወጡ አዲሱ ዕድሜ አይኖረውም፤ ግራሶ የሚይዘው የጎማ ቀለበትም በተፈታ ቁጥር አዲስ መሆን አለበት። ግራሶውን በእምብርቱ ባዶ ቦታ ማጨቅ ብቻውን አይበቃም፤ በእያንዳንዱ ሮለር መካከል ዘልቆ መግባት ይኖርበታል።

ሲገጠም ዳዶው ጎማው እየተሽከረከረ ይጠብቃል፣ ከዚያ ላልቶ እንደገና በጣት ብቻ ይጠብቅና ይቆለፋል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ እንደ ግራሶ እጥረት ሁሉ ኩሽኔታውን ያቃጥላል። ከ15 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ቆሞ እጅን ወደ እምብርቱ በማስጠጋት ሙቀቱን መለካት ይገባል፤ ለብ ማለቱ የተለመደ ሲሆን፣ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ግን ተሳቢው ወደ ጋራዥ መመለስ አለበት። የሰርቪሱ ቀንና የጎታቹ መኪና ኪሎ ሜትር በተሳቢው ስም በተከፈተ የራሱ ካርድ ላይ ይመዘገባል።