ክብ ሶኬት ሁሉ አንድ አይደለም
በአሮጌ ወታደራዊ መኪኖች ላይ የምርመራ ሶኬትን ስለ መለየት

የመኪና ጥገና ክፍል ተማሪዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አለ፤ «ቲቸር፣ የዚህ መኪና ኮምፒውተር የሚሰካው የት ነው?» ትላላችሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግር የሚመጣው መኪናው አሮጌ ወታደራዊ መኪና ሲሆን ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ሁለት ሦስት ክብ ሶኬት ታገኛላችሁ፤ ለምርመራ የተሠራው ግን ቢበዛ አንዱ ነው፤ ጭራሽ የሌለውም መኪና አለ። ዝም ብሎ መሰካት መሣሪያ ያቃጥላል፣ ሲከፋም እጅ ያቃጥላል። በክፍላችን ያለው ኮድ አንባቢ ደግሞ አንድ ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ።

በመጀመሪያ የለመድነውን እንይ። በቤት መኪና ላይ የምናውቀው ባለ 16 ፒን ሶኬት፣ ማለትም ኦቢዲ 2፣ በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ለሚሸጡ ትንንሽ መኪኖች ግዴታ ሆነ። በአውሮፓ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች በ2001፣ ለናፍጣዎቹ በ2004 ሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ሕግ ለቤት መኪና የወጣ ነው። ከዚያ በፊት ለጦር ሠራዊት የተሠራ የጭነት መኪና ላይ ያንን ሶኬት መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ስለዚህ ሶኬት ከመፈለጋችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ይሄ መኪና የሚናገር ነገር አለው ወይ? ኮድ የሚሰጠው ኮምፒውተር ነው። የአሜሪካ ጦር ሲገለገልባቸው ቆይቶ በጨረታ ከሸጣቸው መኪኖች መካከል ኤም 35 ኤ 2 የሚባለውን ብንወስድ፣ የናፍጣ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። ሞተሩ የሚጠፋው እንኳ ሹፌሩ በእጁ በሚጎትተው ሽቦ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ኮድ መጠበቅ ከድንጋይ ወተት እንደ ማለብ ነው።

ታዲያ ኮምፒውተር ከሌለው አንዳንዶቹ ላይ የምርመራ ሶኬት ለምን ተገጠመ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የአሜሪካ ጦር በ1970ዎቹ አርሲኤ ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ «ስቲ አይስ» የሚል አጭር ስም ያለው የሞተር መፈተሻ መሣሪያ አሠራ። መካኒኩ ከመኪናው ሥር እየገባ ከሚለካ፣ የሚለኩት ቦታዎች ሽቦ ሁሉ አንድ ሶኬት ላይ እንዲሰበሰብ ተደረገ። የባትሪው ቮልት፣ ሞተሪኖው ላይ የሚደርሰው ቮልት፣ የናፍጣው ግፊት፣ የሞተሩ ዙር፣ ሁሉም በየሽቦው እዚያ ይደርሳል። ሶኬቱና ሽቦው በአንድ ላይ ዲሲኤ ይባላል። አእምሮ የለውም፤ የሽቦ ማኅበር ነው በሉት። መካኒኩ መሣሪያውን ሰክቶ የሚፈልገውን ልኬት በቁጥር ሲመርጥ መሣሪያው ይለካለታል። ኮድ አያወጣም፣ ያለፈውንም አያስታውስም። (ቮልስ ዋገንም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእኛው ቮልስ ሞተር ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ክብ ሶኬት አስገብቶ ነበር። አሮጌ ቮልስ የነካካችሁ አይታችሁት ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ ግን ጋራዥ ውስጥ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው።)

ዲሲኤ እንደ ኤም 939 ባሉት ባለ 5 ቶን መኪኖችና በሀምቪ ላይ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በሹፌሩ በኩል ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። ክብ ነው፣ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ፒኖች አሉት፣ በየፒኑ አጠገብ ፊደል ተጽፏል። ፊደሉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ባትሪ መብራት ያስፈልጋችኋል።

አሁን ወደ ሌሎቹ ክብ ሶኬቶች እንለፍ። በጣም አደገኛው «ስሌቭ» የሚባለው ነው። የሞተ ባትሪ ያለውን መኪና ከሌላ መኪና ባትሪ ለማስነሳት የተሠራ ነው። ወፍራም ነው፤ መካከሉ አንድ ትልቅ ዘንግ አለው፣ ዙሪያውን ቀለበት አለው። በኔቶ ዓይነቱ መካከሉ ፖዘቲቭ፣ የውጪው ቀለበት ኔጋቲቭ ነው። ቮልቱ 24 ነው፤ ከባትሪው የሚመጣው በወፍራም ኬብል ነውና ሞተሪኖ የሚያዞር ኃይል ሁልጊዜ አለበት። ቁልፍ ቢጠፋም አለ! ካቻቪቴ ወይም የጣት ቀለበት መካከሉንና ዳሩን አንድ ላይ ቢነካ ብረቱ ይቀልጣል። ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቃችሁ ሥሩ የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላው የተሳቢ ሶኬት ነው። በኋላ በኩል ይገኛል፣ በስፕሪንግ የሚዘጋ ክዳን አለው፣ በኔቶ መኪኖች ላይ ባለ 12 ፒን ነው። ሥራው የተሳቢውን መብራት ማብራት ነው፤ ስለ ሞተሩ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ቅርጹ ካምታታችሁ ሽቦውን ከጀርባ ተከተሉ። እኔ ከቅርጽ ይልቅ የማምነው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም በጨረታ ከተሸጠ በኋላ ስንት ሰው እንደነካካው አይታወቅም። ሁለት ወፍራም ኬብል ወደ ባትሪው ሳጥን ከሄደ ስሌቭ ነው። በሻሲው ላይ ተጠምዶ ወደ ኋላ መብራቶች ከሄደ የተሳቢ ነው። ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ተበታትኖ ወደ ሞተሪኖ፣ ወደ ናፍጣ ፊልትሮና ወደ ፓምፕ ከሄደ ዲሲኤ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ሞተር የገባላቸው አዲስ ጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ባለ 6 ወይም ባለ 9 ፒን ክብ የፕላስቲክ ሶኬት ታገኛላችሁ፤ ዶይች ይባላል። እዚህ ኮምፒውተር አለ። በባለ 9 ፒኑ ላይ «ኤ» ኔጋቲቭ፣ «ቢ» ከባትሪ የመጣ ፖዘቲቭ ነው። በባለ 6 ፒኑ «ሲ» ፖዘቲቭ፣ «ኢ» ኔጋቲቭ ነው። ባለ 9ኙን ወደ ባለ 16 የሚቀይር ገመድ ገበያ ላይ ይሸጣል፤ ባለፈው ተርም አንድ ተማሪ ይህን ገዝተን ለሁሉም መኪና ብንጠቀምስ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ገመዱ የሚቀይረው ቅርጹን ነው። ቮልቱን አይቀይርም፣ ኮምፒውተሩ የሚናገርበትንም ቋንቋ አይቀይርም። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ኮድ አንባቢ 24 ከገባበት ሊቃጠል ይችላል። ከመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ።

ቮልቱንም በግምት አትውሰዱ። ከ1984 ጀምሮ የወጣው ሲዩሲቪ የተባለው የሼቭሮሌ ወታደራዊ ፒክአፕ መብራቱ በ12 ይሠራል፣ ሞተሪኖው ግን በ24 ነው። በአንድ መኪና ላይ ሁለቱም አለ ማለት ነው።

እንግዲህ ዲሲኤ ካገኛችሁ ስቲ አይስ የለንም ብላችሁ አትዘኑ። ሽቦዎቹ ቀጥታ ስለሆኑ ብዙውን ነገር የክፍላችን ቴስተር ያነበዋል። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ፣ ጥቁሩን ገመድ በባትሪው ኔጋቲቭ ያዙ፣ ቁልፉ ጠፍቶ እያለ ፒኖቹን አንድ በአንድ ንኩ፣ የበራውን በደብተር ጻፉ። ከዚያ ቁልፉን ከፍታችሁ ድገሙት። የቀይዋ ጫፍ ሁለት ፒን በአንዴ ከነካች ሾርት ስለሆነ ጫፏ ብቻ እስኪቀር በቴፕ ጠቅልሏት። ኦም የሚለካው ባትሪው ተነቅሎ ነው። የትኛው ፒን የትኛው እንደሆነ የሚናገረው የጦሩ የጥገና መጽሐፍ ነው፤ ለኤም 939 ቲኤም 9-2320-272፣ ለሀምቪ ቲኤም 9-2320-280 ይባላል። የመኪናውን ትክክለኛ ሞዴል ካቢና ውስጥ ከተለጠፈው የብረት ሰሌዳ አንብቡ፤ ከቀለሙና ከጎማው አትገምቱ።

መጽሐፉ ባይኖርም ሥራ አይቆምም። «አይነሳም» የተባለ ባለ 24 ቮልት መኪና ሲመጣ ባትሪዎቹ ላይ ለኩ፤ ሙሉ ከሆኑ 25 ገደማ ታነባላችሁ። ጓደኛችሁ ሲያስነሳ እያያችሁ ከ18 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ባትሪው ላይ ጥሩ ሆኖ ሞተሪኖው ጫፍ ላይ በጣም ካነሰ በመካከል ያለው ኬብል፣ ሪሌ ወይም ማሳ ነው ችግሩ። ስቲ አይስም የሚለካው ይህንኑ ነበር።

ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች ወታደራዊ መኪና ሲባል ፊታችን የሚመጣው ኦራልና ዚል ነው። የድሮዎቹ ኦራል 375 እና ዚል 131 የቤንዚን ናቸው፣ 12 ቮልት ናቸው። ኦራል 4320 የናፍጣ ነው፣ 24 ቮልት ነው። የጥንቶቹ ላይ ኮድ የሚሰጥ ኮምፒውተር የለም፤ ክብ ሶኬት ካያችሁ የተሳቢ ወይም ከውጭ ባትሪ ማስነሻ ነው ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ ሽቦውን ተከተሉ።