የእንግዴ ልጅ የደም ሥሮችና የስደተኛ እናቶች ጤና

ኦዛይ በቤይሩት ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በሜዲትራኒያን ባሕርና በራፊቅ ሐሪሪ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል የተጨናነቀ ሠፈር ነው። ከደቡብ ሊባኖስ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችና ስደተኞች ይኖሩበታል። እንዲህ ባሉ የቤይሩት ዳርቻ ሠፈሮች ከአሠሪ ቤት ወጥተው በኪራይ ክፍል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያትም አሉ። ከእነርሱ መካከል ነፍሰ ጡር የሆነችው ሴት፣ ሳይሰማት የሚያድግ አደጋ ሊገጥማት ይችላል።

የአደጋው መነሻ የእንግዴ ልጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት የእንግዴ ልጅ ሕዋሳት ወደ ማሕፀን ግድግዳ ዘልቀው ጠባብና ጥምዝ የሆኑትን የእናቲቱን የደም ሥሮች ያሰፋሉ። በመውለጃዋ ሰሞን በደቂቃ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ደም ወደ ማሕፀን የሚፈሰው በዚህ ሥራ ነው። ሥሮቹ በሚገባ ካልሰፉ ጽንሱ ምግብና ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ክብደቱም ይቀንሳል።

ጉዳቱ በጽንሱ ላይ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ቦስተን ዶክተር አናንት ካሩማንቺ የተካፈሉበት ምርምር፣ የታመመው የእንግዴ ልጅ ኤስ ፍልት-1 የተባለ ፕሮቲን በብዛት ወደ እናቲቱ ደም እንደሚለቅ አሳየ። ይህ ፕሮቲን የደም ሥሮችን የሚያሳድጉና የሚጠብቁ ንጥረ ነገሮችን አጥምዶ ከሥራ ውጭ ያደርጋቸዋል። በዚህም የተነሣ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊት ፕሮቲን ያፈሳል፤ ጉበትና አንጎልም ይጎዳሉ። ሕመሙ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ግፊቱ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ይታወቃል። ሲብስ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ያስከትላል።

መድኃኒቱ ግን የማይደረስበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ማግፓይ የተሰኘ ጥናት፣ ማግኒዚየም ሰልፌት የመንቀጥቀጡን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕመሙ ይበልጥ ለተጋለጡ ሴቶች በሐኪም ትእዛዝ በቀን 75 ሚሊ ግራም አስፒሪን ከ20ኛው ሳምንት በፊት እንዲጀመር፣ በምግባቸው ካልሲየም ለሚጎድላቸውም ካልሲየም እንዲሰጥ ይመክራል። ፈውሱ በመሠረቱ የእንግዴ ልጁ መውጣት በመሆኑ፣ የመውለጃ ጊዜን መወሰን የሐኪም ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግፊቱ አስቀድሞ ከተለካ ነው። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር ስለሚታሰር፣ ፈቃዷ የተቃጠለባት ሴት እንዳትያዝ ፈርታ፣ የሕክምናውንም ወጪ አስባ ከጤና ተቋም ትርቃለች። ከ2019 ወዲህ የተከሰተው የኢኮኖሚ ቀውስ ደግሞ ወጪውን አክብዶታል።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር እህት ቢያንስ እነዚህን ምልክቶች ትወቅ፤ የማይለቅ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎድን በታች የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ሳይውል ሳያድር መታከም ያሻል። አደጋው ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ስለሚቀጥል ክትትሉ አይቋረጥ። አብረዋት የሚኖሩም ብቻዋን አይተዉአት፤ ግፊት መለካት የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ሲሆን የሚጠብቀው ግን ሁለት ነፍስ ነው።