ዩሪክ አሲድ እና የላስታ ደጋ

የዘር መረጃ የሚጻፍበት ኑክሊክ አሲድ ኑክሊዮታይድ ከሚባሉ ጥቃቅን ጡቦች የተገነባ ሲሆን፣ በእነዚህ ውስጥ የሚገኙት ፕዩሪኖች፣ ማለትም አዴኒንና ጉዋኒን፣ ሴል አርጅቶ ሲፈርስ ወይም ምግብ ሲፈጭ ተለዋውጠው በመጨረሻ ዩሪክ አሲድ ይሆናሉ። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ይህን ትርፍ ዩሪኬዝ በተባለ ኢንዛይም ሰባብረው በቀላሉ ሲያስወግዱት፣ ሰው ግን ኢንዛይሙ ስለሌለው በደሙ ይዞት ይኖራል፤ መጠኑ በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ ጨው ሆኖ ሊረጋና የእግር አውራ ጣትን የሚያነድደውን ሪህ ሊያመጣ ይችላል። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼሌም በ1776 እ.ኤ.አ. ዩሪክ አሲድን ያገኘው ከሽንት ጠጠር ውስጥ ነበር።

ላቦራቶሪ ለሰው የጎደለውን ኢንዛይም በብልቃጥ ያሟላል። ደም ረግቶ ሲለይ በሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ፣ በሴረም ላይ፣ ዩሪኬዝ ሲጨመር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይወጣል፤ ይህም በሌላ ኢንዛይም አጋዥነት ቀለም ይፈጥራል፤ መሣሪያውም የቀለሙን ድምቀት በብርሃን ይለካል። ቫይታሚን ሲ በብዛት የወሰደ ሰው ውጤቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ሽንት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በላስታ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ በምትገኘው ላሊበላ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ የ24 ሰዓት ሽንት ከተጠራቀመበት ዕቃ ሥር የሸክላ ዱቄት የመሰለ ዝቃጭ ጠዋት ሊታይ ይችላል፤ ይህ ዝቃጭ ሊለካ የተፈለገው ነገር ራሱ እንጂ ቆሻሻ ስላልሆነ፣ ከላይ የጠራውን ብቻ ቀድቶ የሚለካ ባለሙያ ዋናውን ጥሎ ተራውን ቆጠረ ማለት ነው። መፍትሔው በዕቃው ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መጨመርና ከመለካት በፊት ሽንቱን ማሞቅና በሚገባ መነቅነቅ ነው።

ውጤቱ ከማዕድም ጋር መነበብ አለበት። ከኅዳር 15 ጀምሮ በጾም ሽሮና ምስር ሲበላ የቆየ ምእመን ታኅሣሥ 29 የገና ዕለት ጉበት የገባበት ዱለት ሲበላና ጠላ ሲጠጣ፣ የሥጋው ፕዩሪን ዩሪክ አሲድን ሲያበዛ አልኮሉ ደግሞ ኩላሊት እንዳያስወጣው ያዘገያል። ሽሮም ፕዩሪን አለው፤ ሆኖም በአሜሪካ 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሪህን ያበዙት ሥጋና የባሕር ምግቦች እንጂ ፕዩሪን ያላቸው አትክልቶች እንዳልሆኑ አሳይቷል።

ከፍታም ሌላ ጥያቄ ያነሣል። በአንዲስ ተራሮች አንዳንድ ነዋሪዎች ቀይ የደም ሴል ከልክ በላይ ሲበዛባቸው ዩሪክ አሲዳቸውም ይጨምራል፤ እያንዳንዱ ሴል መቅኒ ውስጥ ሲበስል ኒውክሊየሱን ስለሚጥል የሚፈርሰው ኑክሊክ አሲድ አብሮ ይበዛልና። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራራ አማራ ወንዶች ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም በዴሲሊትር፣ ማለትም እንደ ቆላ ሰው፣ ሆኖ አግኝቶታል፤ ስለዚህ በላስታም ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሎ ሲገኝ ተራራው ከመወቀሱ በፊት ኩላሊቱ ቢመረመር ይሻላል።