ግዴታ፣ ፈቃድ ወይስ ምክር? ጎልማሳ ተማሪዎች ሊለዩዋቸው የሚገቡ የእንግሊዝኛ ረዳት ግሦች

በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር እንግሊዝኛ የሚማሩ ጎልማሶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ክፍል የሚመጡት የታወቀ ጉዳይ ይዘው ነው፤ ቅጽ ለመሙላት፣ የሥራ ውል ለማንበብ፣ የመድኃኒት መመሪያ ለመረዳት ወይም ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ለመዘጋጀት። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ‹‹ካን››፣ ‹‹ሜይ››፣ ‹‹ሹድ››፣ ‹‹መስት›› እና ‹‹ሻል›› የተባሉ አጫጭር ቃላት ደጋግመው ይገኛሉ። በሰዋስው ትምህርት ሞዳል ወይም ረዳት ግሦች ይባላሉ። የተጻፈው ነገር ግዴታ፣ ፈቃድ፣ ምክር ወይም ግምት መሆኑን የሚያመለክቱት እነዚህ ቃላት በመሆናቸው፣ አንዱን በሌላው ቦታ ተክቶ መረዳት የአንባቢውን መብት ወይም ደኅንነት ሊጎዳ ይችላል።

ቅርጻቸው ቀላል ነው

በአማርኛ ‹‹እችላለሁ››፣ ‹‹ትችላለህ››፣ ‹‹ትችላለች››፣ ‹‹ይችላሉ›› እየተባለ ግሡ እንደ ባለቤቱ ይለዋወጣል። በእንግሊዝኛ ግን ለሁሉም ‹‹ካን›› ብቻ ነው። ረዳት ግሦቹ ለነጠላ ሦስተኛ መደብ የሚጨመረውን ‹‹ስ›› አይቀበሉም፤ ከእነርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥም ‹‹ቱ›› የሚለው ቃል ሳይጨመርበት ይነገራል። ስለዚህ ‹‹መሥራት ትችላለች›› ለማለት ትክክሉ ‹‹ሺ ካን ወርክ›› እንጂ ‹‹ሺ ካንስ ቱ ወርክ›› አይደለም። ለአማርኛ ተናጋሪ ይበልጥ የሚከብደው ከቅርጹ ይልቅ ትርጉሙ ነው።

‹‹የለብዎትም›› ሁለት ትርጉም ሲይዝ

‹‹ይህን ቅጽ መሙላት የለብዎትም›› የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሰማ ባለጉዳይ፣ እንደ አነጋገሩ ሁኔታ ‹‹መሙላት ክልክል ነው›› ወይም ‹‹ካልፈለጉ ይተዉት›› ብሎ ሊረዳው ይችላል። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለት ሐሳቦች ለይቶ ይገልጻል። ‹‹መስት ኖት›› ክልከላ ነው፤ ‹‹ዱ ኖት ሃቭ ቱ›› ደግሞ ግዴታ አለመኖሩን ብቻ ያመለክታል። በፋብሪካ ማሽን ላይ ‹‹መስት ኖት›› የሚል ማስጠንቀቂያ ያነበበ ሠራተኛ ነገሩን እንደ ምርጫ ከቆጠረው ለአደጋ ይጋለጣል። በተማሪው አእምሮ ልዩነቱ እንዲጸና፣ የመጀመሪያውን ሁልጊዜ ‹‹ክልክል ነው››፣ ሁለተኛውን ‹‹ግዴታ አይደለም›› ብሎ መተርጎም ይጠቅማል።

‹‹ይችላል›› እና ‹‹ሜይ››

አማርኛ ችሎታንና ግምትን የሚለየው ከ‹‹ይችላል›› በፊት በሚመጣው ግሥ ነው። ‹‹መሥራት ይችላል›› ችሎታን ወይም ፈቃድን፣ ‹‹ሊሠራ ይችላል›› ደግሞ በአብዛኛው ግምትን ይገልጻል። በእንግሊዝኛ ለችሎታ ‹‹ካን››፣ ለግምት ‹‹ሜይ›› ወይም ‹‹ማይት››፣ ለመደበኛ ፈቃድ ደግሞ ‹‹ሜይ›› ይነገራል። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ‹‹ሜይ›› በሚለው ቃል የተጻፈ የጎንዮሽ ጉዳት ‹‹እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኝ ይችላል›› እንደ ማለት ነው። በሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ሆኖም መድኃኒቱ የሚያስከትለውን ስሜት ሳያውቁ መኪና ከማሽከርከር መቆጠብ ተገቢ ነው። በደንብና በመመሪያ ውስጥ የሚገኘው ‹‹ሜይ ኖት›› ግን ብዙውን ጊዜ ‹‹አይፈቀድም›› ማለት ነው።

በውል ውስጥ የአንድ ቃል ዋጋ

ልዩነቱ ይበልጥ የሚከብደው በሥራ ውል ላይ ነው። ለምሳሌ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ የተጻፈ አንቀጽ ‹‹ሻል›› ወይም ‹‹መስት›› ካለ አሠሪው የመክፈል ግዴታ ይገባል። ‹‹ሹድ›› ካለ መክፈሉ ተገቢ መሆኑን የሚገልጽ፣ ከግዴታ የላላ አነጋገር ይሆናል። ‹‹ሜይ›› ካለ ደግሞ ጉዳዩ ለአሠሪው ፈቃድ የተተወ ሊመስል ይችላል። ሦስቱንም በጥቅሉ ‹‹ይከፍላል›› ብሎ የተረጎመ ሰው፣ የተስፋ ቃልን እንደ መብት ቆጥሮ ሊፈርም ይችላል። በሕግ የተደነገገ መብት በውል ቃል የሚቀነስ ባይሆንም፣ ከሕጉ በላይ የተገባው ቃል ግን የሚመዘነው በውሉ አጻጻፍ ነው።

ለልምምድ የሚሆን ጽሑፍ

የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚታተም በመሆኑ ለዚህ ትምህርት ምቹ ነው። ተማሪው በአማርኛው ዓምድ ‹‹ይችላል›› የሚለውን በእንግሊዝኛው ‹‹ሜይ››፣ ‹‹አለበት›› የሚለውን ደግሞ ‹‹ሻል›› ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ለምሳሌ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን ክልከላ አማርኛው በግሡ አሉታ ሲገልጸው፣ እንግሊዝኛው ‹‹ሻል ኖት›› ይላል። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢፈጠር የአማርኛው የበላይነት እንዳለው በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ተደንግጓል።

አክብሮትም በረዳት ግሥ ይገለጻል

አማርኛ ተናጋሪ ‹‹ይስጡኝ›› ሲል አክብሮቱ በግሡ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ‹‹አንተ››ን እና ‹‹እርስዎ››ን ስለማይለይ፣ ቃል በቃል የተተረጎመው ‹‹ጊቭ ሚ›› ትእዛዝ ይመስላል። አክብሮቱን የሚመልሱት ‹‹ኩድ ዩ›› እና ‹‹ዉድ ዩ›› የሚሉት አጠያየቆች ናቸው። ይህም በቅጥር ቃለ መጠይቅና በአገልግሎት መስኮት ፊት ልዩነት ያመጣል።

በአጠቃላይ፣ ማንኛውም ዜጋ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ውል ወይም ቅጽ ከመፈረሙ በፊት በእያንዳንዱ አንቀጽ የሚገኙትን ረዳት ግሦች ከሥራቸው አስምሮ፣ ‹‹ግዴታው የማን ነው? ፈቃዱስ ለማን ተሰጠ?›› ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። መልሱ ግልጽ ካልሆነለት ቋንቋውን በሚያውቅና በሚያምነው ሰው ማስነበብ ወይም የአማርኛ ትርጉም እንዲሰጠው መጠየቅ፣ ከተፈረመ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድነዋል።