ታንክ ሳይበሳ ታንከኛ የሚገድል ጥይት

ልጆቻችን የቤት ሥራቸውን ሠሩም አልሠሩም፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ታንክ መንዳት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛ ወላጆች ከጨዋታው የምናውቀው ነገር ቢኖር ጩኸቱን ነው። «ድምፁን ቀንሰው!» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን የድሮው የጋዜጠኝነት አመሌ አልለቀቀኝምና፣ ለጥቂት ሳምንታት ከልጄ አጠገብ ወንበር ስቤ ስጠይቅ ሰነበትኩ። ካየሁት ሁሉ ለአንባቢ የማካፍለው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ፈንጂ ጥይት።

የታንክ ጥይት በደፈናው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ብረት በሺ ነው፤ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ በፍጥነቱ ኃይል የባላጋራውን ብረት ወግቶ ይገባል። ሁለተኛው ሆዱ ፈንጂ የታጨቀበት ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ ወፍራም ብረት አይበሳም፤ እንደነካ ይፈነዳል። በዋናነት የተሠራውም ለእግረኛ፣ ለምሽግና ለጭነት መኪና ነው። ታዲያ ታንክን ምን ያደርገዋል?

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ታንክስ» የሚሰጠው መልስ የሒሳብ መልስ ነው። እያንዳንዱ ታንክ እንደ ባንክ ደብተር የተመዘገበ ነጥብ አለው፤ በተመታ ቁጥር ይቀነስለታል፤ ዜሮ ሲገባ ይቃጠላል። ፈንጂ ጥይት ብረቱን ከበሳ ሙሉ ጉዳቱን ውስጥ ያራግፋል። ካልበሳ ላይ ላዩን ይፈነዳና ከፊሉን ብቻ ይቀንሳል፤ ብረቱ በወፈረ መጠንም የሚቀነሰው እያነሰ ይሄዳል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ስሌት እንደገና ቢሠራውም መሠረቱ ያው ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ኬቪ-2 የተባለው የሶቪየት ታንክ ባለ 152 ሚሊሜትር መድፍ ነው። ለረጅም ጊዜ በቆየው የጨዋታው ስሌት ብረት በሺ ጥይቱ 110 ሚሊሜትር በስቶ 700 ነጥብ ሲቀንስ፣ ፈንጂው የሚበሳው 86 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ከበሳ 910 ይቀንሳል። ስለዚህ ብልጡ ተጫዋች ከፊት አይተኩስም። የቲ-54 ታንክ የፊት ብረት ውፍረቱ 100 ሚሊሜትር ነው፤ አጋድሞ ስለተሠራ ግን በቀጥታ ለሚመጣ ጥይት 200 ያህል ይሆናል። ጎኑ 80 ነው። ዞሮ ጎኑን የሚጠብቅ ይጠቀማል። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«ዋር ተንደር» የተባለው ሌላው ጨዋታ ደብተር የለውም። የሚቆጥረው ሰዎቹን አንድ በአንድ ነው፤ አዛዡን፣ ሾፌሩን፣ ተኳሹን፣ አጉራሹን። ትልቅ ፈንጂ ስስ ብረት አጠገብ ከፈነዳ ግፊቱ ብረቱን ሰብሮ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። ለዚህ ነው ተጫዋቾቹ መድፉ በተተከለበት ራስ ሥር የሚያነጣጥሩት፤ ፍንዳታው ወደታች ወርዶ ስሱን ጣሪያ እንዲያገኘው።

እውነተኛው ጦርነት ለዚህኛው ይቀርባል። ክብደቱ ከ40 ኪሎ በላይ የሆነው የሶቪየት 152 ሚሊሜትር ጥይት ባይበሳ እንኳ ሰንሰለት ይበጥሳል፣ ማነጣጠሪያ ይሰብራል፣ ብረቱን ከውስጥ በኩል አስፈንጥሮ ፍንጣሪ ያደርገዋል። እንግሊዞች ደግሞ ይህንኑ ሆን ብለው ሠሩበት። ፈንጂው ብረቱ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፍና ከጀርባው ይፈነዳል፤ ማዕበሉ ብረቱን አልፎ የውስጡን ገጽ ይገነጥላል። ከውጭ ቀዳዳ ላይኖር ይችላል፤ ውስጥ ያሉት ግን በራሳቸው ታንክ ብረት ይመታሉ። ወርልድ ኦፍ ታንክስ ይህን ሁሉ ትቶ ጥይቱን የሚቆጥረው ብዙ እንደሚበሳ ፈንጂ አድርጎ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ልጆቻችን ከሚነዷቸው ታንኮች አንዱ አሜሪካን ሠራሹ ኤም-41 ነው። አገራችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ከሶማሊያ ጦር ስትዋጋ ነበራት፤ በሶማሊያ በኩል ደግሞ እነ ቲ-54 ነበሩ። በዚያ ጦርነት አጉራሽ የነበሩ አንድ አባት በከተማችን አሉ። ጨዋታውን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ካዩ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይኼ ነጥብ የሚቀነሰው ከማን ላይ ነው?»

ከዚያም ነገሩኝ። ብረት ያልበሳ ጥይት ሲመታ ደወል ውስጥ ተቀምጦ ደወሉ እንደመደወል ነው አሉ። ቀኝ ጆሯቸው ከዚያ ወዲህ አይሰማም። የገዛ ልጆቻቸው ግን አባታችን በእርጅና ደነቆረ ብለው ነው የሚያውቁት። ለምን አልነገሯቸውም? ስላልጠየቋቸው።

ጨዋታውን ይከልከል የሚል ሐሳብ የለኝም። የብረትን ውፍረትና መጋደል፣ የፍንዳታን ግፊት በዚህ ዕድሜ የሚያሰላ ልጅ አእምሮው ሥራ አልፈታም። የጎደለው ሌላ ነው። የቲ-54ን ውፍረት በሚሊሜትር የሚያውቅ ልጅ እና ውስጡ ምን እንደሚሸት የሚያውቅ አባት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አይነጋገሩም። እኛ በዚያ ዘመን የሆነውን መናገር አንወድም፤ እነሱም የሚጠየቅ ነገር መኖሩን አያውቁም። እንግዲህ ድምፁን ቀንሰው ከማለት በፊት ወንበር ስቦ «ይኼኛው ጥይት ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ ቁጥሩን ይነግራል። ቁጥሩ የሰው መሆኑን መንገር ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።