የቢራ ፋብሪካው ቡድን፦ አናዶሉ ኤፌስ ከመጨረሻ ወደ አንደኛ

ቱርክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በቃና ቲቪ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚታየው ድራማ ነው። ኢስታንቡል ደግሞ አውሮፓ ወይም አሜሪካ የሚሄድ ዘመድ አውሮፕላን የሚቀይርባት ከተማ ናት። ስፖርት ከሆነ ጋላታሳራይ እና ፌነርባህቼ፣ ያውም በእግር ኳሱ። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ሌላ የኢስታንቡል ክለብ ነው። የእግር ኳስ ቡድን የለውም። እንደነዚያ ሁለቱ ሰፈር ሙሉ ደጋፊም የለውም። የተመሠረተው በቢራ ፋብሪካ ገንዘብ ነው። ሆኖም በ2021 እና በ2022 ተከታትሎ የአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ሆኗል። ስሙ አናዶሉ ኤፌስ ይባላል።

(እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ አንዱን ለይቼ ካልነገርኳችሁ በስተቀር፣ በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።)

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ስፖርት ሳይ ከግቡ ወይም ከነጥቡ በፊት «ይህን ሁሉ ማን ነው የሚከፍለው?» የሚል ጥያቄ ይመጣብኛል። ኤፌስ ለዚህ ጥያቄ የተሠራ ክለብ ይመስለኛል።

ኤፌስ ማለት ኤፌሶን ነው

ከስሙ እንጀምር። ኤፌስ ማለት ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ኤፌሶን ናት። የጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ ዛሬ ቱርክ ውስጥ፣ ኢዝሚር አካባቢ ይገኛል። አናዶሉ ግሩፕ የሚባለው ኩባንያ በ1969 ቢራ መጥመቅ ሲጀምር ስሙን ከዚህች ከተማ ወሰደ። በ1976 ደግሞ ካዲኮይስፖር የሚባል የኢስታንቡል ቡድን ተረከበና «ኤፌስ ፒልሰን» አለው። ልክ የቢራውን ስም እንዳለ ማሊያው ላይ ለጠፈው ማለት ነው።

ነገሩ ፈጠነ። በ1978 ወደ አንደኛ ሊግ አደገ፤ በዚያው የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ፣ በ1979፣ ሻምፒዮን ሆነ። ፌነርባህቼም ጋላታሳራይም ቤሺክታሽም የመቶ ዓመት ታሪክ ያላቸው፣ ደጋፊነታቸው ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ክለቦች ናቸው። ኤፌስ የቅርብ ጊዜ መጤ ነው። የነበረው ነገር በሰዓቱ የሚከፈል ደሞዝ እና የተደራጀ አሠራር ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ የሀገራችንን ሊግ የሚከታተል ሰው ግን ደሞዝ በሰዓቱ መክፈል ብቻውን ምን ያህል ርቀት እንደሚወስድ ያውቀዋል።

በአንድ ነጥብ የተገኘ ዋንጫ

በመጋቢት 1993 ኤፌስ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ጣሊያን ቱሪን ላይ ከግሪኩ አሪስ ጋር ተገናኘ። 50 ለ 48 ተሸነፈ። አዎ፣ የቅርጫት ኳስ ውጤት ነው! የዚያን ጊዜ ጨዋታ እንደዚህ ነበር፤ መከላከል፣ መጎተት፣ ሰዓት መብላት።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ኮራች በሚባለው ዋንጫ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው የጣሊያኑ ስቴፋኔል ሚላኖ ሲሆን ውድድሩ በደርሶ መልስ ነበር። ኢስታንቡል ላይ 76 ለ 68 አሸነፈ። ሚላኖ ላይ 77 ለ 70 ተሸነፈ። ደምሩት፤ 146 ለ 145። በአንድ ነጥብ! የቱርክ ክለብ በቡድን ስፖርት የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሳ ያ የመጀመሪያው ነው። ጋላታሳራይ በእግር ኳስ የዩኤፋ ዋንጫን ያነሳው ከዚያ በኋላ፣ በ2000 ነው።

የዚያ ቡድን አሰልጣኝ አይዲን ኦርስ ነበር። ሜዳ ውስጥ የሚመራው ደግሞ ከመቄዶንያ የመጣው ፔታር ናውሞስኪ፤ በዚያ ዘመን ቅርጫት ኳስ የጀመሩ የቱርክ ልጆች ጋርድ ሲባል የሚያስቡት እሱን ነው። ወጣቱ ሚርሳድ ቱርክጃንም እዚያው ነበር፤ በ1998 የኤንቢኤ ድራፍት 18ኛ ሆኖ ተመርጦ፣ በኋላ በኤንቢኤ ሜዳ የገባ የመጀመሪያው የቱርክ ተጫዋች ሆነ።

ከእሱ በኋላ በሩ ተከፈተ። ሂዳየት ቱርኮግሉ በ2000 ከኤፌስ ወደ ሳክራሜንቶ ሄደ፤ በ2009 ከኦርላንዶ ጋር የኤንቢኤ ፍጻሜ ተጫወተ፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የሀገሩን ፌዴሬሽን ይመራል። መህመት ኦኩር ሁለት ዓመት ኤፌስ ተጫውቶ ዲትሮይት ገባና በ2004 የኤንቢኤ ሻምፒዮን ሆነ። በቅርቡ ዘመን ጄዲ ኦስማን እና ፉርካን ኮርክማዝ ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። እንግዲህ ፋብሪካው ቢራ ብቻ አልነበረም የሚያመርተው።

ስሙ ሲነጠቅ

በ2011 የቱርክ የትምባሆና አልኮል ተቆጣጣሪ አካል አዲስ ደንብ አወጣ፤ የአልኮል መጠጥ ስም በስፖርት ቡድን ላይ እንዳይኖር ከለከለ። ሠላሳ አምስት ዓመት «ኤፌስ ፒልሰን» ሲባል የኖረው ክለብ ወይ መፍረስ ወይ ስም መቀየር ነበረበት። «ፒልሰን» የሚለው የቢራ ዓይነት ስም ወጣ፤ የኩባንያው ስም የሆነው «አናዶሉ» ገባ። አናዶሉ ማለት አናቶሊያ ነው፤ ሰፊው የቱርክ ምድር ማለት።

አሁን እንደ አካውንታንት አስቡት። ለ35 ዓመት ገንዘብ ያፈሰስኩት ስሜ በቴሌቪዥን እንዲታይልኝ ነው። ስሜን ካስወጣችሁብኝ ለምን እከፍላለሁ? ክለቡ ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕድሜው እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ኩባንያው ግን መክፈሉን ቀጠለ።

ይህች ነገር ለእኛም ቅርብ ናት። ሐረር ቢራ፣ ሜታ ቢራ፣ ዳሸን ቢራ የሚባሉ የእግር ኳስ ቡድኖች እንደነበሩን ታስታውሳላችሁ? ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ ሰንጠረዥ ላይ እነዚህን ስሞች ብትፈልጉ አታገኟቸውም። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ደግሞ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ። በሁለት የተለያዩ ካላንደሮች አንድ ዓይነት ቁጥር፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ፦ የፋብሪካ ስም የያዘ ቡድን ፋብሪካው ፊቱን ሲያዞር ምን ይቀረዋል?

የመጨረሻው መጨረሻ

ስሙን ከቀየረ በኋላ ኤፌስ ገንዘብ አልጎደለበትም፤ ውጤት ነው የጎደለበት። በ2009 የቱርክ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ አሥር ዓመት ሊጉን አላሸነፈም። በዚህ መሀል ፌነርባህቼ በ2017 ዩሮሊግን፣ ማለትም የአውሮፓን ትልቁን ዋንጫ፣ ያነሳ የመጀመሪያው የቱርክ ክለብ ሆነ። ኤፌስስ? በ2017/18 ከ16 ቡድን 16ኛ ወጣ። በ30 ጨዋታ 7 አሸንፎ 23 ተሸነፈ።

እዚህ ጋ ነው የኢኮኖሚክስ ክፍሌ ትዝ ያለኝ። በእግር ኳስ 16ኛ ከ16 ብትወጣ ትወርዳለህ፤ ስፖንሰር ይሸሻል፤ ተጫዋች ይበተናል። ዩሮሊግ ግን እንደዚያ አይሠራም። ኤፌስ የረጅም ጊዜ ፈቃድ ካላቸው ጥቂት ክለቦች አንዱ ነው፤ መጨረሻም ቢወጣ በሚቀጥለው ዓመት ቦታው አለ። ኢንሹራንስ በሉት። ፈቃድ የሌለው ጥሩ ቡድን በር ላይ ሲጠብቅ፣ መጨረሻ የወጣው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ፍትሐዊ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ አይመስለኝም። ግን ይህን ኢንሹራንስ አግኝቶ ምን ሠራበት የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ኤፌስ ዓመቱ መሀል ላይ ኤርጊን አታማንን አሰልጣኝ አድርጎ ነበር። አታማን ክለቡን በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይናል ፎር ያስገባ፣ ሦስተኛ ያስወጣ ሰው ነው፤ አፉም ቀላል አይደለም፣ እንደምናሸንፍ አስቀድሞ የሚናገር ዓይነት። ክለቡ መጨረሻ ሲወጣ አላባረረውም። በ2018 ክረምት ቡድኑን እንደ አዲስ እንዲሠራ ተወው።

የመጡትን እዩ። ሼን ላርኪን፦ ቁመቱ 1.80 ሜትር ገደማ፣ ከቦስተን ቤንች የተነሳ፣ ኤንቢኤ «ትንሽ ነህ» ያለው ጋርድ። ቫሲሊዬ ሚቺች፦ በ2014 ድራፍት 52ኛ የተመረጠ፣ ከሊትዌኒያው ዛልጊሪስ የመጣ ጋርድ። ፈረንሳውያኑ አድሪየን ሞርማን እና ሮድሪግ ቦቧ፣ ረጅሙ ጀርመናዊ ቲቦር ፕላይስ። ከነባሮቹ ብራያንት ደንስተን እና ክሩኖስላቭ ሲሞን ቀሩ። በዚያ ሰዓት ከእነዚህ ውስጥ ዓለም የሚሻማበት ኮከብ አልነበረም። ገበያው በርካሽ የገመታቸው ሰዎች ናቸው።

ጊዜውስ? በዚያው 2018 መጀመሪያ ላይ ከ4 ሊራ በታች የነበረው አንድ ዶላር ነሐሴ ላይ 7 ሊራ አካባቢ ደረሰ። በአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ደሞዝ በአብዛኛው የሚዋዋሉት በዩሮ ወይም በዶላር ነው፤ የቲኬት ገቢ ደግሞ በሊራ። ብር ሲወርድ ስልክ የገዛ ሰው ይህን ሒሳብ ለማስረዳት መምህር አያስፈልገውም። አናዶሉ ግሩፕ ግን ከቱርክ ውጭም ቢራና ለስላሳ የሚሸጥ ኩባንያ ስለሆነ፣ ከሊራው ጋር አብሮ ሙሉ በሙሉ አልወደቀም። ክለቡን ያ እንደረዳው እገምታለሁ።

24 ለ 4፣ ከዚያ ዝምታ

በአንድ ዓመት ውስጥ መጨረሻ የነበረው ቡድን አራተኛ ሆኖ ፕሌይኦፍ ገባ። በ2019 ግማሽ ፍጻሜ የራሱን ከተማ ኃያል ፌነርባህቼን 92 ለ 73 አንኮታኮተ፤ ላርኪን 30 ነጥብ። ፍጻሜውን በሲኤስኬኤ ሞስኮ 91 ለ 83 ተነጠቀ። ሀገር ቤት ተመልሶ እንደገና ከፌነርባህቼ ጋር ሰባት ጨዋታ ድረስ ሄደ፤ በሰባተኛው ላርኪን 38 ነጥብ አስቆጠረና የአሥር ዓመቱ ጥበቃ አበቃ።

ቀጣዩን ዓመት ግን ማንም አይረሳውም። ኅዳር 2019 ላርኪን ባየርን ሙኒክ ላይ 49 ነጥብ አስቆጠረ፤ በወቅቱ የዩሮሊግ ሪከርድ ነበር። ከሞከራቸው 12 ሦስት ነጥቦች 10 ገቡ። ቪዲዮውን ስልኬ ላይ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ቡድኑ 24 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፎ፣ ሰንጠረዡን እየመራ ነበር። ከዚያ ኮቪድ መጣ። ግንቦት 2020 ዩሮሊግ ውድድሩን ሰረዘው። ሻምፒዮን የለም፤ ዋንጫ የለም። 24 ለ 4 የሚል ቁጥር ብቻ ቀረ።

ብዙ ቡድን እንዲህ ያለ ዓመት ካመለጠው ይበተናል። ኤፌስ ተጫዋቾቹን ይዞ ቆየ። በግንቦት 2021 ኮሎኝ ላይ፣ ወንበሩ ባዶ በሆነ አዳራሽ፣ ባርሴሎናን 86 ለ 81 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሚቺች 25 ነጥብ አስቆጥሮ የዓመቱም የፋይናል ፎሩም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2022 ደግሞ ቤልግሬድ ላይ፣ ግማሽ ፍጻሜውን በመጨረሻዋ ሰከንድ በሚቺች ሦስት ነጥብ ኦሊምፒያኮስን 77 ለ 74 ጣለ። ፍጻሜው ከሪያል ማድሪድ ጋር 58 ለ 57 አለቀ። በአንድ ነጥብ፤ እንደ 1996ቱ።

ሲበተን

ጥሩ ነገር ሁሉ ዋጋው ይወደዳል። በርካሽ የተገኙት ውድ ሆኑ። በ2023 ሚቺች ኤንቢኤ ገባ፣ አታማን ፓናቲናይኮስ ሄደና በ2024 ያንኑ ዋንጫ እዚያ አነሳ። ፌነርባህቼም በ2025 አቡ ዳቢ ላይ ሁለተኛውን ወሰደ። ላርኪን ግን ቀረ። በ2020 የቱርክ ዜግነት ወስዶ ነበር፤ በ2025 የአውሮፓ ዋንጫ የቱርክ ብሔራዊ ቡድን ብር ሜዳሊያ ሲያገኝ ማሊያውን ለብሶ ነበር፤ አሰልጣኙም አታማን።

ታዲያ ጥያቄያችን ጋ እንመለስ፤ የፋብሪካ ቡድን ምን ይቀረዋል? የኤፌስ ታሪክ ለእኔ የሚነግረኝ ገንዘብ ብቻውን መልስ እንዳልሆነ ነው፤ 2018 ላይ መጨረሻ የወጣውም ያው ገንዘብ ነው። የቀየረው ገንዘቡ የተጣለበት ቦታ ነው። ኩባንያው ስሙ ከማሊያው ሲነሳ አልሄደም፤ ቡድኑ መጨረሻ ሲወጣ አሰልጣኙን አልቆረጠም፤ ዓመቱ ሲሰረዝ ተጫዋቹን አልበተነም። ሦስት ጊዜ መውጫ በር ተከፍቶለት ሦስቴም ተቀመጠ።

እኛ ሀገር ድርጅቶች ቡድን ሲይዙ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ሚሊዮን ሰጡ?» ብለን ነው። ቀጥሎ አንድ ባንክ ወይም አንድ ፋብሪካ ክለብ ያዝኩ ሲል ብትሰሙ፣ «ለስንት ዓመት?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።