ሥጋ በሞገድ ላይ የሚጥለው ጥላ

ቴሌቪዥን በአንቴና ይታይ በነበረበት ዘመን ያደገ ሰው፣ ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግር ከልጆቹ አንዱ ተነሥቶ አንቴናውን እንዲያዞር መታዘዙን፣ ልጁም ዘንጉን ጨብጦ ሳለ ሥዕሉ ጠርቶ፣ ሊቀመጥ ዘወር ሲል ዳግመኛ በመጥፋቱ «በል እዚያው ቁም፣ እንዳትነቃነቅ!» ተብሎ ዜናው እስኪያልቅ እንደ ምሰሶ ተገትሮ መቆየቱን አይዘነጋም። ያ ልጅ ሳያውቀው ከሬዲዮ ሞገድ ምስጢራት አንዱን በገዛ ሰውነቱ ይመሰክር ነበር፤ የሰው ገላ አብዛኛው ውኃ ስለ ሆነ ሞገዱ ሲያርፍበት ከፊሉን ይመጥጠዋል፣ ከፊሉንም ይመልሰዋል፤ ስለዚህ በቆምንበትና በተራመድንበት ሁሉ ዓይን የማያየው ረቂቅ ጥላ እንጥላለን።

ሞገድ በመንገዱ የሚገጥመውን ይህን ደንቃራ ወደ ጥበብ ከለወጡት መካከል ሮበርት ዋትሰን ዋትና ረዳቱ አርኖልድ ዊልኪንስ ይገኙበታል፤ የካቲት 19 ቀን 1927 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዳቬንትሪ አጠገብ፣ ለስርጭት ከቆመው የቢቢሲ ማሠራጫ የወጣው ሞገድ በሰማይ የሚያልፍ አውሮፕላን ነክቶ ሲመለስ በመሣሪያቸው አዩ፤ የአገራቸው ራዳርም ከዚያ ተወለደ።

ከጊዜ በኋላ ራዳር ኪስ እስከ መግባት ደርሶ ነበር። ጉግል በ2012 ዓ.ም. ባወጣው ፒክስል 4 ግንባር ላይ «ሶሊ» የተሰኘ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ራዳር ተተክሎ፣ ርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ የ60 ጊጋኸርዝ ሞገድ፣ እጅ ወደ ስልኩ ሲዘረጋ አስቀድሞ ያውቅ፣ መዳፍ በላዩ ሲያልፍም ማንቂያውን ጸጥ ያደርግ ነበር። በህንድ ይህ ሞገድ ለሕዝብ አገልግሎት ስላልተፈቀደ ስልኩ በዚያ ሳይሸጥ ቀረ፤ ተከታዩ ፒክስል 5ም ሶሊን ተወው። እውነቱን ለመናገር፣ ዘፈን ለማለፍ እጅን በአየር ላይ ማወናጨፍ ጣትን በመስተዋቱ ላይ ከማሳረፍ የሚሻልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ሶሊ በኋላ ከአልጋ አጠገብ በሚቀመጠው ኔስት ሃብ ውስጥ ገብቶ የተኛውን ሰው እስትንፋስ መከታተሉ ይበልጥ የሚገባው ሥራ ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀው ራዳር የሌለው ስልክ የሚያደርገው ነው። ከቤት ራውተር የሚወጣው ሞገድ ግድግዳውን፣ ቁም ሣጥኑንና ሰውን እየነካ በብዙ መንገድ ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ ቤቱ ባዶ ሲሆን ኃይሉ እምብዛም አይለዋወጥም፣ አንድ ሰው ከመኝታ ቤት ወደ ወጥ ቤት ሲሻገር ግን ይዋዥቃል። የቺካጎና የካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች፣ ከቤት ውጭ የተቀመጠ ስልክ የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ፣ መልእክቱንም ሳይፈታ፣ ይህን መዋዠቅ ብቻ እያዳመጠ በየትኛው ክፍል ሰው እንደሚንቀሳቀስ ሊለይ እንደሚችል አሳይተዋል። መልእክትን የሚቆልፍ ምስጢራዊ ጽሕፈት ቃሉን እንጂ ጥላውን አይሸሽግምና። ካቀረቧቸው መከላከያዎች አንዱ ራውተሩ ራሱ ትርጉም የለሽ ተጨማሪ ሞገድ እየለቀቀ ሰሚውን እንዲያደናግር ማድረግ ነው፤ በማኅሌት ሌሊት፣ ከበሮው ሲመታና ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ ከዓምዱ ሥር የሚንሾካሾኩ የሁለት ሰዎች ወሬ እንደሚዋጥ።